ፊታችንን ያጨፈገግንባቸው ልጆች

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



ጋዜጠኛ ሌላውን መውቀስ ይቀናዋል፤ እኔም ከዚህ አላመለጥኩም። የዛሬው ጽሑፍ ግን የሚጀምረው በራሴ ጥፋት ነው።

በ2015 ዓ.ም. በአንድ ጁምዓ ቀን፣ አዲስ አበባ ውስጥ በምሰግድበት መስጂድ ኹጥባ ተጀምሮ ነበር። ከአጠገቤ አንድ አባት ስምንት ዓመት ገደማ ከሚሆነው ልጁ ጋር ተቀምጧል። ልጁ ሁለት ጆሮዎቹን በመዳፎቹ ደፍኖ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዛወዛል፤ አፉን ገጥሞም «እምምም» ይላል። አባትየው ጉልበቱን ይዞ ሊያረጋጋው ቢሞክር ድምፁ ባሰ። ሰዎች መዞር ጀመሩ። እኔም ዞርኩ። ፊቴንም አጨፈገግኩ። ኹጥባ ላይ መናገር እንደማይገባ ስለማውቅ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም፤ በእጄ ግን ወደ በሩ ጠቆምኩት። አባትየው ልጁን አቅፎ፣ ጫማውን እንኳ ሳያጠልቅ በእጁ እንደያዘ ወጣ።

ኢማሙ ያን ቀን ስለ ምን እንደተናገሩ ዛሬ አላስታውስም። የሰውየውን ባዶ እግር ግን አልረሳሁትም።

በዓመቱ መርካቶ ውስጥ መጋረጃ ልገዛ ከአንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ቀና ሲል ተያየን። እሱም አወቀኝ። ሻይ አዘዘልኝ እንጂ ፊቱን አላጠቆረብኝም። አፍሬ እንደምንም «ጁምዓ አላየሁህም፤ የት ነው የምትሰግደው?» አልኩት።

«እኔ እዚሁ ቅርብ እሰግዳለሁ። ልጁ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ መስጂድ አልገባም» አለኝ። ከዚያም የሆነውን ሁሉ ነገረኝ። ልጁ ኦቲዝም አለበት። አይናገርም። የተቀመጥነው ከድምፅ ማጉያው ሥር ኖሯል። እኔ እንደ ረብሻ የቆጠርኩት የልጁ «እምምም» የሚያሠቃየውን ድምፅ የሚከላከልበት መንገድ ነበር። «ያን ጊዜ እኔም አላወቅኩም ነበር፤ ስለዚህ አልፈርድብህም ወንድሜ» አለኝ።

«ዐፍው በለኝ» አልኩት።

«እኔ ዐፍው ብዬሃለሁ። የሱን ግን ራስህ ጠይቀው» አለ።

ወንድሞቼና እህቶቼ! ዑለማዎቻችን አላህ የራሱን ሐቅ ለባሪያው ሊምር እንደሚችል፣ የሰው ሐቅ ግን ከባለቤቱ ይቅርታ እንደሚጠየቅበት ያስተምሩናል። ታዲያ የማይናገርን ልጅ ይቅርታ የሚጠይቁት እንዴት ነው? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

የፊት ማጨፍገግ ጉዳይ በቁርኣን ውስጥ ምዕራፍ የተሰየመበት ጉዳይ ነው። ሱረቱ ዐበሰን (80፡1-10) ሁላችንም እናውቃለን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የቁረይሽ ታላላቆችን ወደ ኢስላም ለመጥራት ተግተው ሲነጋገሩ ዓይነ ስውሩ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ.) ሊማር መጣ። ንግግራቸው ስለተቋረጠ ፊታቸውን አጨፈገጉ። ልብ በሉ፤ ሰውየው ዓይነ ስውር ነው፤ ፊታቸውን አላየም። ሆኖም ከሰባት ሰማይ በላይ ያለው ጌታ አይቶታልና ወቀሳው ወረደ፤ እስከ ቂያማ ቀንም በሶላታችን ይነበባል። ከዚያ በኋላ ነብዩ ኢብኑ ኡሙ መክቱምን አከበሩት። ከቢላል (ረ.ዐ.) ጋር ሙአዚን ሆነ፤ እሳቸው ከመዲና ሲወጡም ከተማዋ ላይ የተኳቸው ጊዜ አለ። የእርምቱን መጠን ተመልከቱ! አዝኖለት በመሸኘት አልተወሰነም፤ በጀመዓው ውስጥ ቦታና ኃላፊነት ሰጠው።

ለመሆኑ ኦቲዝም ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ቃሉን በሬዲዮ ሰምተን አሳልፈነዋል። ኦቲዝም ልጁ ከተወለደ በኋላ በአስተዳደግ ጉድለት የሚመጣ ነገር አይደለም፤ አንጎል ከመጀመሪያው በተለየ መንገድ የሚያድግበት ሁኔታ ነው። ከሰው ጋር መግባባትን፣ የሰውን ፊትና ስሜት ማንበብን፣ ለውጥን መቀበልን ከባድ ያደርጋል። አንዱ ልጅ ጨርሶ አይናገርም፤ ሌላው እንደ መጽሐፍ ይናገርና ጓደኛ ማፍራት ይቸግረዋል። አንዱ የድምፅ ማጉያን መቋቋም ያቅተዋል፤ ሌላው የሱፍ ልብስ ያቃጥለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል።

እስቲ ይህን ቁጥር ወደ ራሳችን እናምጣው። ሺህ ሰው የሚሰግድበት አንድ መስጂድ ያለውን ሠፈር አስቡ። በዚያ ግምት ከየሺሁ ሰው ስምንት ያህሉ ኦቲዝም አለበት ማለት ነው። ስምንቱ የት ናቸው? በሶፍ ውስጥ አታዩአቸውም። በመድረሳም፣ በዒድ ሜዳም እምብዛም አታገኟቸውም። ከተዘጋ በር ጀርባ፣ ከአንዲት የደከመች እናት ጋር ናቸው። እኛ «ገመና መሸፈን» እንለዋለን። የሚሸፈነው ገመና ግን ኃጢአት ነው እንጂ ልጅ አይደለም!

በሩ የሚዘጋው ወሬን በመፍራት ነው። «እናትየው ሐራም በልታ ነው»፣ «አባትየው የሰው ሐቅ ነክቶ ነው»፣ «ዓይነ ናስ ነው»፣ «ጅን ነው» ይባላል። እናትን መውንጀል ደግሞ የእኛ አገር ሕመም ብቻ አልነበረም። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በ1943 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ 11 ልጆችን መርምሮ ስለ ኦቲዝም ከጻፈ በኋላ፣ በሠለጠነው ዓለም ለዓመታት «ልጁን እንዲህ ያደረገው የእናቱ ፍቅር መቀዝቀዝ ነው» ሲባል ቆይቷል። ስንት እናት በሐሰት ተከሰሰች! በርናርድ ሪምላንድ የተባለ፣ እሱም ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የነበረ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ያን ክስ ተሟገተው፤ ዛሬ በሳይንሱ ዘንድ ውድቅ ነው። እነሱ በሐኪም አፍ እናትን በደሉ፤ እኛ በጎረቤት አፍ እንበድላለን።

ጅን መኖሩን የሚክድ ሙስሊም የለም። ነገር ግን ጅን አለ ማለት ልጆቻችን ላይ ያየነው ሁሉ ጅን ነው ማለት አይደለም። ሩቅያም በሸሪዓ መሠረት ያለው፣ በቁርኣንና በዱዓ የሚደረግ ነው። ዱላ ግን ሩቅያ አይደለም። የመርካቶው ወንድማችን ልጁን «ጅን አወጣለሁ» ወደሚል አንድ ሰው ወስዶት እንደነበር ሲነግረኝ ድምፁ ተቆራረጠ። ሰውየው ገንዘቡን ተቀብሎ ልጁን ገረፈው። ልጁ መናገር ስለማይችል ቤት ሲደርስ የት እንዳመመው እንኳ ማሳየት አልቻለም። እናቱ ያወቀችው ልብሱን ስትቀይርለት ነው። አላህ ይቅር ይበለን! ኦቲዝምን ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ «አድናለሁ» የሚል ሁሉ ከኪሳችሁ እጁን እንዲያነሳ ንገሩት።

ታዲያ ምን ይሠራለት? እዚህ ላይ ነው ተስፋው ያለው። ድጋፍ ያገኘ ልጅ ይማራል፤ ቤተሰቡም ይተነፍሳል። ባለሙያዎች ቴራፒ፣ የንግግር ሕክምና፣ የማኅበራዊ ክህሎት ሥልጠና ሲሉ የምንሰማው ነገር እንግዳ ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን ሥረ መሠረቱን በሐዲስ ውስጥ እናገኘዋለን።

ዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ (ረ.ዐ.) በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ያደገ ልጅ ነበር። አብሯቸው ሲበላ እጁ ትሪው ላይ ወዲያና ወዲህ ይዞር ነበር። ነብዩ አልተቆጡትም፤ ከማዕድም አላስነሱትም። ሦስት ነገር ብቻ ነገሩት፤ ቢስሚላህ እንዲል፣ በቀኙ እንዲበላ፣ ከፊት ለፊቱ እንዲበላ። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ነው። ልጁ ካደገ በኋላ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አበላሉ እንደዚያው እንደቀጠለ መስክሯል። አስተውሉ! ትምህርቱ አጭር ነው፤ ግልጽ ነው፤ ድርጊቱ በሚፈጸምበት ቦታና ሰዓት የተሰጠ ነው፤ «አታድርግ» ሳይሆን «እንዲህ አድርግ» የሚል ነው። የዛሬ ባለሙያ ለወላጅ የሚመክረውም ይህንኑ ነው። ሉቅማንም ለልጁ ከተውሒድ ጀምሮ እስከ አረማመድና እስከ ድምፅ ልክ ማስተማሩን ቁርኣን ይነግረናል (31፡13-19)። ስለዚህ ከሰው ጋር እንዴት እንደሚኖሩ ማስተማር ትርፍ ነገር አይደለም፤ የተርቢያ አካል ነው።

በተግባር እንየው። ያ ወንድሜ ቤቱ ጋብዞኝ ስሄድ ከቧንቧው በላይ ግድግዳው ላይ በተራ የተለጠፉ ፎቶዎች አየሁ። የመጀመሪያው የቧንቧ፣ ቀጥሎ የእጅ፣ እያለ በመጨረሻ የመስገጃ ነው። ውዱእ ነው። እኛ «ውዱእ አድርግ» ስንል አንድ ትእዛዝ የሰጠን ይመስለናል፤ ለዚህ ልጅ ግን አሥርና ከዚያ በላይ ትእዛዝ ነው። እናቱ ከፋፈለችው። መጀመሪያ እጅ መታጠብ ብቻ፤ ሲችል መጉመጥመጥ ተጨመረ። አንዱን ደረጃ ሲፈጽም በሚወደው ነገር ታበረታታዋለች፤ ሲያቅተው እጁን ይዛ ታግዘዋለች፤ ቀስ በቀስም እጇን ታነሳለች። ስድስት ወር ፈጀ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል የተባለው በዚያ ቤት እውነት ሆኗል። መናገር ባይችልም የውኃ ፎቶ አንስቶ ሲሰጣት ጠምቶኛል ማለቱ ነው። ድሮ ሲጠማው ራሱን ከግድግዳ ያጋጭ ነበር።

ይህን እናትየዋ ከየት ተማረችው? ለወላጆች ከሚሰጥ ሥልጠና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት እስከ ዘጠኝ ዓመት ላሉ የእድገት መዘግየት ወይም ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ወላጆች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው። ስፔሻሊስት ሐኪም ባልበዛበት አገር ሌሎች ሠልጥነው እንዲሰጡት ታስቦ የተሠራ ሲሆን አገራችን ውስጥም ተሞክሯል። ቁም ነገሩ ምን መሰላችሁ? ልጁን በሳምንት አንድ ሰዓት ባለሙያ ቢያየው ቀሪውን ሰዓት ሁሉ የሚውለው ከወላጁ ጋር ነው። ስለዚህ ወላጁ በጨዋታ፣ በማዕድ፣ በልብስ መልበስ ጊዜ እንዲያስተምር ይሠለጥናል። ስለ ራሱ ድካምና ጭንቀትም ይነጋገራል። የደከመች እናት ታገሺ ስለተባለች ብቻ አትበረታም፤ ሶብር የሚያግዝ እጅ ይፈልጋል።

ለታዳጊዎችም እንዲሁ ነው። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተቀረጸ ፒርስ የሚባል ሥልጠና ታዳጊዎቹን በአንድ ክፍል፣ ወላጆቻቸውን በሌላ ክፍል በተመሳሳይ ሰዓት ያስተምራል። ልጁ ወሬ እንዴት እንደሚጀመር፣ ጨዋታ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ፣ ሲቀልዱበት ምን እንደሚመልስ ይለማመዳል፤ የቤት ሥራም ይሰጠዋል። ወላጁ ደግሞ ያንኑ እየተማረ ያግዘዋል። እኛ ዘንድ ይህ ክፍል በጣም የተረሳ ነው። ልጅ ሳለ ያገኘውን ሁሉ ሲያቅፍ «የዋህ ነው» ብለን እንስቃለን። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶት ታክሲ ውስጥ የማያውቃትን ሴት ቢያቅፍስ? ማን ይስቃል? ዐውራ መሸፈን፣ በር ዘግቶ ልብስ መቀየር፣ ማን እንደሚታቀፍና ማን በሰላምታ ብቻ እንደሚታለፍ፣ ያለ ፈቃዱ የሚነካው ሰው ሲመጣ መሸሽና ለወላጅ ማሳወቅ ከጉርምስና በፊት ደረጃ በደረጃ መማር አለበት። ሶላትና ጾም ግዴታ ይሆንበት እንደሆነም ሁሉንም በአንድ ሚዛን ሳይመዝኑ፣ የልጁን የመረዳት አቅም ለሚያውቅ ዓሊም አቅርቦ መጠየቅ ይገባል። ከአእምሮው ሚዛን ውጭ ከሆነ ሰው ብዕር መነሳቱን ሐዲሱ ነግሮናልና።

በአገራችን ይህን በር ከከፈቱት መካከል ዘሚ የኑስን ሳላነሳ ባልፍ ሐቅ መደበቅ ይሆንብኛል። ኦቲዝም ላለበት ልጇ የሚቀበለው ትምህርት ቤት ብታጣ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። ልጆቹን በአማርኛ ፊደላት ድምፅ እየመራች ለማናገር የራሷን ዘዴ ቀረጸች። በ2021 እ.ኤ.አ. ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች። አንዲት እናት በሯን ዘግታ ከማልቀስ ይልቅ የሌላውንም ልጅ ልትሰበስብ ብትነሳ ምን ሊሆን እንደሚችል በሕይወቷ አሳየችን። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2007 እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን እንዲሆን ሲወስን ሐሳቡን ያቀረበችው ሙስሊሟ አገር ቀጠር መሆኗንም ብዙዎቻችን አናውቅም። ጉዳዩ የፈረንጅ ጉዳይ አይደለም ማለቴ ነው።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ ዞር የማይል ከሆነ፣ በዓመት ተኩል የሚፈልገውን በጣቱ ጠቁሞ የማያሳይ ከሆነ፣ ጀምሯቸው የነበሩ ቃላት ከጠፉበት፣ «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» በሚል አትዘናጉ። ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት፤ ጆሮውንም አስመርምሩት። ድጋፍ በጊዜ ሲጀመር ጥቅሙ የጎላ ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን አስሮ በአላህ መመካትን አስተምረውናል። ዱዓችሁን አታቋርጡ፤ ግመሉንም እሰሩ።

ሁለተኛ፣ አባቶች! ልጁ «የእናቱ ጉዳይ» አይደለም። ወንድሜ እንደነገረኝ በሥልጠናው ክፍል ውስጥ ከተሰበሰቡት ወላጆች ወንዱ እሱ ብቻ ነበር።

ሦስተኛ፣ የመስጂድና የመድረሳ ኃላፊዎች! ከድምፅ ማጉያ ርቆ፣ ለመውጫ በር ቀርቦ አንድ ጥግ መለየት ምን ወጪ አለው? ኢማሙ በኹጥባቸው አንድ ጊዜ «እነዚህ ልጆች የእኛ ናቸው» ቢሉ ምን ያህል በር እንደሚከፈት አስቡ። ነብያችን የሕፃን ለቅሶ ሲሰሙ እናቱን አስበው ሶላታቸውን ያሳጥሩ ነበር፤ ሕፃኑን አስወጡ አላሉም። በመስጂዳቸው ጥግ የሸናውን ዘላን እንኳ ሰዎች እንዳይነኩት ከልክለው በባልዲ ውኃ ነገሩን ጨረሱት። በአእምሮዋ ላይ አንድ ነገር የነበረባት ሴት ጉዳይ አለኝ ስትላቸው፣ የምትፈልገውን መንገድ እንድትመርጥ ነግረዋት ጉዳይዋን እስክትጨርስ አብረዋት ቆሙ። ይህንም ሙስሊም ዘግቦታል። የእኛ መስጂድ ከመዲናው መስጂድ የበለጠ ጸጥ ማለት አለበት እንዴ? በመድረሳም ቢያንስ አንድ ኡስታዝ ስለ እነዚህ ልጆች ይሠልጥን፤ አለንጋም ከክፍሉ ይውጣ።

አራተኛ፣ ጎረቤቶች! ምክራችሁን ቀንሳችሁ ጊዜያችሁን ስጡ። እናትየዋ ተረጋግታ እንድትሰግድ፣ ወይም አንድ ሰዓት እንድትተኛ ልጁን ያዙላት። ይህም ሶደቃ ነው።

ወደ ጀመርኩበት ልመለስ። የማይናገረውን ልጅ እንዴት ይቅርታ እንደምጠይቅ አንድ ዓሊም ጠየቅኩ። «በእጅህ ካስወጣኸው በእጅህ አስገባው» አሉኝ።

ከአባቱ ጋር ተመካክረን በሥራ ቀን፣ በሶላት መካከል ባለው ሰዓት፣ መስጂዱ ባዶ ሲሆን መውሰድ ጀመርን። ከመሄዱ በፊት የመስጂዱን በር ፎቶ እናቱ ታሳየዋለች። የመጀመሪያ ቀን ከበሩ አላለፈም። በሁለተኛው ጫማውን አወለቀ፤ ምንጣፉን በእጁ ዳስሶ ተመለሰ። በአራተኛው ቀን ከአባቱ ጎን ቆመ፤ እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። አባቱ ሱጁድ ሲወርድ እሱም ወረደ፤ ግንባሩን አስነክቶ ቶሎ ተነሳና ዞሮ አየኝ። ፊቴን ያስታውሰው እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ያን ፊቴን አስታወስኩት። በተቻለኝ መጠን ፈገግ አልኩለት።

ይቅር ብሎኛል ብዬ ለመናገር አልደፍርም። ይህን አላህ ያውቃል። ጁምዓም ገና አልመጡም። አባቱ የሚፈራው ድምፅ ማጉያውን ብቻ አይደለም፤ የሚዞሩትን ፊቶች ነው። ስለዚህ ይህ ልጅ ጁምዓ የሚሰግድበት ቀን በእሱ መሻሻል ብቻ የሚወሰን አይደለም። እናንተም እኔም በምናሳየው ፊት ይወሰናል።

ስምንቱን ልጆች ፈልጓቸው። በሠፈራችሁ አሉ።

ያ አላህ! ለወላጆቻቸው ብርታትን፣ ለእኛ እዝነትን ስጠን። በማናውቀው የበደልናቸውን ማረን፤ ካወቅን በኋላ ከመበደል ጠብቀን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።